የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ለሰፈር ደኅንነትና ለወጣቶች አንድ ላይ ማሠራት፦ ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ሰኔ 30

«እኛም ሰፈር ስልክ ይነጠቃል፣ ልጆቹም ሥራ ፈተው ድንጋይ ላይ ነው የሚውሉት። ፖሊስ ስንጠይቅ ወረዳ ሂዱ ይላል፣ ወረዳው ደግሞ ወጣቶችና ስፖርት ይለናል። ከየት እንጀምር?» ይህ ጥያቄ ከኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም፣ ከእድር ጸሐፊዎችም፣ ከወላጆችም ይመጣልኛል። ስልክ ላይ ግማሹን እየዘለልኩ ከምመልስ ጽፌ ላስቀምጠው።

መመሪያው የአዲስ አበባን የወረዳ አሠራር ይዞ የተጻፈ ነው። በሌሎች ከተሞች መዋቅሩ ትንሽ ይለያል፤ አዲስ አበባም ውስጥ ቢሆን የጽሕፈት ቤቶች ስም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ሥራውን ተከተሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። «የሰፈራችንን ጸጥታ እናሻሽል» ብላችሁ ከተነሳችሁ ስብሰባ ላይ ትቀራላችሁ። አንድ ቦታ፣ አንድ ችግር፣ ሦስት ወር ያዙ። ሦስት ወር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት የሚያደርገው በሩብ ዓመት ነው። ባለሙያው የእናንተን ጉዳይ ሪፖርቱ ውስጥ ሊያስገባው ከቻለ ይሠራላችኋል። ካልቻለ ግን በጎ ፈቃዱን ብቻ ነው የምትጠብቁት።

የሚያስፈልጋችሁ

- ገጾቹ ቁጥር የተሰጣቸው አንድ ወፍራም ደብተር፣ ለቃለ ጉባኤ። ገጽ ተቀደደ የሚል ክርክር እንዳይነሳ ነው ቁጥሩ።
- አንድ ትልቅ ወረቀትና ባለ ሦስት ቀለም ማርከር፣ የሰፈሩን ካርታ በእጅ ለመሳል።
- የእጅ ባትሪ።
- የእድር ወይም የነዋሪዎች ኮሚቴ ማህተም። ማህተም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ላይ ይመለሳል።
- መሰብሰቢያ ቦታ። የእድር አዳራሽ ወይም የወጣት ማዕከል ይመረጣል። የወረዳው አዳራሽ ለመጀመሪያው ስብሰባ አይመከርም፤ ወጣቶቹ እዚያ ሲገቡ አፋቸው ይዘጋል።
- ቡና፣ ቆሎ፣ ዳቦ። አበል የለም። ይህን ከመጀመሪያው ተናገሩ።
- የማይሰለች አንድ ጸሐፊ። ሰብሳቢ ሞልቷል፤ ጸሐፊ ነው የሚጠፋው።

1. ችግሩን በቦታና በሰዓት ጻፉት

«ሌብነት በዛ» የሚል አቤቱታ የትም አያደርስም። ሁሉም ይስማማበታል፣ ማንም ግን የእኔ ነው አይልም። «ከታክሲ ማዞሪያው እስከ ብሎክ 14 ባለው መንገድ፣ ከምሽቱ 1:30 እስከ 3:00 ስልክ ይነጠቃል» ሲባል ግን የፖሊስ ፈረቃ መሪው የትኛውን ሰዓት መሸፈን እንዳለበት ያውቃል። መብራት የሚጠግነውም የትኛው ምሰሶ ጋ መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

ይህን ለማግኘት በዚያው ሰዓት በእግር ዙሩ። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። ማታ ከሥራ የምትመለስ አንዲት ሴት፣ የማታ ተማሪ፣ አንድ አዛውንት፣ አንድ የሰፈሩ ወጣትና አንድ የሱቅ ባለቤት ብትሆኑ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ዙር ፖሊስ አታስከትሉ። ሰው ፖሊስ ፊት የሚናገረውና እርስ በርሱ የሚናገረው አንድ አይደለም።

እየሄዳችሁ ሁሉም ሰው «እዚህ ጋ እፈጥናለሁ» የሚልበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ለምን እንደሚፈጥን ጠይቁ፣ የሰማችሁትንም እንዳለ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ብሎክ 9 ጥግ፣ ምሰሶው አለ፣ አምፖሉ የለም። የቆመው ግንባታ ቆርቆሮ አጥር አንድ ቅጠል ተከፍቷል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ሱቁ 2:00 ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ድልድዩ ድረስ ክፍት በር የለም።»

ከነዚህ ሦስት መስመሮች ውስጥ ለሦስት የተለያዩ አካላት የሚሆን ሥራ አለ። አምፖሉ፣ አጥሩና ሱቁ።

ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ልጆች ስታዩ ቀይ ምልክት ለማድረግ አትቸኩሉ። ቀረብ ብላችሁ ሰላም በሉ፣ «የት ጋ ነው ንጥቂያ የሚበዛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው የሚፈራው ቦታና ወጣቶች የሚቀመጡበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለየቅል ነው። እንዲያውም ልጆቹ ያሉበት ጥግ ሰው ስላለበት የተሻለ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

2. ወጣቶቹን ከቢሮዎቹ በፊት አነጋግሩ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ቢሮዎቹ ተሰብስበው ከወሰኑ በኋላ ወጣት ከተጠራ ለማጨብጨብ ነው የተጠራው፤ ልጆቹ ይህን ወዲያው ያውቁታል።

የ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚህ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አለ፣ የታክሲ ረዳት አለ፣ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ አለ፣ ልጅ የያዘች እናትም አለች። አንድ ላይ ሰብስባችሁ «ወጣቶች ምን ትፈልጋላችሁ?» ብትሉ ትልልቆቹ ወንዶች ይናገራሉ፣ ሌላው ዝም ይላል። ስለዚህ ለየብቻ አነጋግሩ፦ ተማሪዎች፣ ሥራ ላይ ያሉ፣ ሥራ ፈላጊዎች። ሴቶቹን ለብቻ፣ በሴት አወያይ፣ በቀን። ከመሸ ኑ ካላችኋቸው የሚመጡት ቤታቸው ቅርብ የሆነ ብቻ ናቸው።

ሰዓት ስትመርጡ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፕሮግራም ተመልከቱ። አርሰናልና ማንቸስተር በሚጫወቱበት ሰዓት ስብሰባ የጠራ ሰው ወንበር ነው የሚያወያየው።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦

- ማታ የት ጋ መሄድ ትፈራላችሁ?
- ከትምህርት ወይም ከሥራ በኋላ እስክትተኙ የት ነው የምትውሉት? ለምን እዚያ?
- አንድ ነገር ይቀየር ቢባል፣ እናንተ ራሳችሁ ልትይዙት የምትችሉት የትኛውን ነው?

ሦስተኛው ዋናው ነው። «ሜዳ ይሠራልን» ቢሉ «መስመር ማን ያሰምራል? ሰዓት ማን ይደለድላል?» ብላችሁ ቀጥሉ። መልስ የሚሰጡት ልጆች ተወካዮቻችሁ ናቸው። አራት ይምረጡ፤ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። በየስብሰባው የምታዩዋቸው የታወቁ ፊቶች ብቻ እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ። ድንጋዩ ላይ ቃሉ የሚሰማለት ልጅ ከሌለበት ውሳኔው ድንጋዩ ጋ አይደርስም።

3. የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ ለዩ

አብዛኛው ድካም ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ሰው ሁሉን ነገር ለፖሊስ ያመለክታል። ካርታችሁ ላይ ካሉት ምልክቶች አጠገብ የባለቤቱን ስም ጻፉ።

- ፖሊስ፦ የሰዓትና የቦታ ሽፋን፣ የወንጀል አቤቱታ መቀበል። መጀመሪያ የቀጠናችሁን የኮሚዩኒቲ ፖሊስ ባለሙያ ፈልጉ። ጣቢያ አዛዡ ጋ ያለ እሱ ብትገቡ ጉዳዩ ተመልሶ የሚመራው ለእሱው ነው፣ ያኔም ቅር ብሎት ይጠብቃችኋል።
- ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት፦ የተለያዩ አካላትን የመጥራት አቅም ያለው ይህ ነው። የሰፈር ጥበቃና የሌሊት ሮንድ ጉዳይም ወደ እሱ ይሄዳል።
- ወጣቶችና ስፖርት፦ የወጣት ማዕከል፣ የሜዳ ሰዓት፣ የስፖርት ቁሳቁስ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት።
- ሥራና ክህሎት፦ የሥራ ፈላጊ ምዝገባ፣ አጫጭር ሥልጠና፣ ማኅበር ማደራጀት።
- ትምህርት ቤት፦ ርዕሰ መምህሩና ወተመኅ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት)። ቅጥር ግቢው ቅዳሜና እሑድ ይከፈት ከተባለ ፈቃዱ ከእነሱ ነው።
- ንግድ፣ ደንብ ማስከበርና ምግብና መድኃኒት ቁጥጥር፦ በትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ አዋኪ ቤቶች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል፤ ሺሻንም ይከለክላል። አቤቱታችሁን አዋጁ ላይ ካስደገፋችሁት «የግል ጠብ ነው» አይባልም።
- መንገዶች ባለሥልጣንና ኤሌክትሪክ አገልግሎት፦ የመንገድ መብራት። ምሰሶው የማን እንደሆነ ሁለቱም ጋ ጠይቁ፤ ሳታጣሩ ለአንዱ ብቻ ከጻፋችሁ ደብዳቤው መንገድ ላይ ይቀራል።
- ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ እና ጤና ጣቢያ፦ ጎዳና ላይ ያሉ ልጆች፣ ጥቃት፣ ሱስ።
- እድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፦ ሰው የሚሰማቸው እነዚህን ነው። ወረዳው በድምፅ ማጉያ ከሚናገረው እድር ላይ በአንድ ደቂቃ የሚነገረው ይሻላል።

ሁሉንም አትጥሩ። ለያዛችሁት አንድ ችግር የሚያስፈልጉትን አራት ወይም አምስት ብቻ። አሥራ ሁለት ቢሮ የተጠራበት ስብሰባ ላይ ሁሉም ራሱን አስተዋውቆ ሳያልቅ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

4. ደብዳቤውን አስገቡ፣ ቁጥሩን ያዙ

በቃል የተነገረ ነገር ወረዳ ላይ እንዳልተነገረ ነው። አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ይህን ቀይራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፦

«ለወረዳ ___ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የጋራ ስብሰባ እንዲጠራልን ስለመጠየቅ

ከታክሲ ማዞሪያው እስከ ብሎክ 14 ባለው መንገድ ላይ ከምሽቱ 1:30 እስከ 3:00 ድረስ ተደጋጋሚ የስልክ ንጥቂያ እየተፈጸመ ይገኛል። ነዋሪዎችና ወጣቶች ቦታውን ተመልክተን በእጅ የተሠራ ካርታ አዘጋጅተናል። ከዚህ በታች ግልባጭ የተደረገላቸው አካላት መወሰን የሚችል ተወካይ ልከው በቀን ___ ከቀኑ 8:00 ላይ በእድራችን አዳራሽ እንዲገኙ እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን። አበልም ሆነ ሌላ ወጪ አንጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለፖሊስ ጣቢያ፣ ለሰላምና ጸጥታ፣ ለወጣቶችና ስፖርት፣ ለ___ ትምህርት ቤት»

«መወሰን የሚችል ተወካይ» የሚለውን አትርሱ። ያለዚያ የሚመጣው ሰው «ለኃላፊዬ አቀርባለሁ» ብሎ ይሄዳል፣ እናንተም ሌላ ስብሰባ ትጠራላችሁ።

ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት አስገቡት፣ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በእናንተ ቅጂ ላይ አስጽፉ። ግልባጮቹንም እንደዚሁ በእጅ አድርሱ። በሦስተኛው ቀን ደውሉና «ቁጥር እንዲህ የሆነው ደብዳቤ ለማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብዳቤ ከኃላፊው ወደ ባለሙያው የሚወርደው ኃላፊው ላዩ ላይ ለማን እንደሚሄድ ጽፎ ሲመራው ነው፤ የተመራለትን ሰው ካወቃችሁ ከዚያ በኋላ የምትከታተሉት ኃላፊውን ሳይሆን እሱን ነው።

5. የመጀመሪያውን ስብሰባ በሰንጠረዥ ጨርሱ

አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ወንበሮቹን ክብ አድርጉ፤ የክብር ጠረጴዛ ካለ ንግግር ይኖራል። የወረዳው ተወካይ ስብሰባውን ይክፈት፣ አምስት ደቂቃ ይናገር፣ አክብሩት። ብዕሩ ግን ከእናንተ ጸሐፊ እጅ አይውጣ።

ከመክፈቻው በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ለወጣት ተወካዮቹ ስጡ። ካርታውን እነሱ ያስረዱ። ወጣቷ ተነስታ «ሳጅን፣ ፓትሮሉ የሚያልፈው 4:00 ላይ ነው፤ እኛ ከማታ ትምህርት የምንወጣው 2:30 ነው» ስትል ስብሰባው ወዲያው መልኩን ይቀይራል። ሳጅኑም የሚመልሰው አጠቃላይ ነገር ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው።

ከዚያ ሰንጠረዡን ሙሉ። አራት ዓምድ ብቻ፦ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ፣ በምን እናውቃለን። አንድ የተሞላ መስመር እንዲህ ይመስላል፦

«የብሎክ 9 ጥግ መብራት። ለመንገዶች ባለሥልጣን ደብዳቤ የሚጽፈው፦ የሰላምና ጸጥታ ተወካይ። እስከ ኅዳር 12። የምናውቀው፦ የወጪ ደብዳቤው ቁጥር ለጸሐፊው ሲደርስ።»

ልብ በሉ፣ የተጻፈው «መብራት ይበራል» አይደለም። ተወካዩ አምፖል የመትከል ሥልጣን የለውም፤ ደብዳቤ የመጻፍ ግን አለው። ሰው በእጁ ያለውን ብቻ እንዲገባ አድርጉ። የማይችለውን ቃል ከገባ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀራል፣ ከነመሥሪያ ቤቱ ታጡታላችሁ።

ሰንጠረዡ ከሰባት መስመር አይብለጥ፤ ከነዚህም ቢያንስ ሁለቱ የነዋሪዎች ይሁኑ። ለምሳሌ ሱቆች ተራ ገብተው እስከ 3:00 ክፍት ማድረግ፣ ወይም የየብሎኩ የመግቢያ መብራት ማታ እንዳይጠፋ። ነዋሪው እጁን አጣጥፎ ሲጠይቅ ባለሙያውም እጁን ያጣጥፋል። ሁሉም ሳይፈርም አትበተኑ። የቃለ ጉባኤው ፎቶ በዚያው ቀን ለሁሉም ይድረስ።

6. መረጃ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ተስማሙ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሥራው የሚፈርሰው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው።

ፖሊስ ለእናንተ የሚሰጠው ቁጥር፣ ቦታና ሰዓት ነው። የተጠርጣሪ ስም አትጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ እንደቀረ ሊነግራችሁ ይችላል፤ የ«አስቸጋሪ ተማሪዎች» ስም ዝርዝር ግን ስብሰባ ላይ አይወጣም። ወጣቶች ለኳስም ለሥልጠናም ሲመዘገቡ የምትይዙት ዝርዝር ለፖሊስ አይሰጥም። ይህን በቃለ ጉባኤ አስፍሩት፤ ፖሊስም ይፈርምበት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝርዝሩ ከወጣና በማግሥቱ አፈሳ ከተደረገ፣ ሁለቱ ባይገናኙ እንኳ፣ ልጆቹ ያገናኟቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመዘገብላችሁ የለም።

የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈታችሁ ለስብሰባ ሰዓትና ለሰንጠረዡ ክትትል ብቻ ይሁን። «ይሄን ልጅ የምታውቁት» ተብሎ ፎቶ የሚለጠፍበት እንዳይሆን። አስቸኳይ ነገር ሲገጥም ግሩፕ ላይ መጻፍ ሳይሆን መደወል ነው፦ አዲስ አበባ ፖሊስ 991፣ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ቁጥሮቹን ግሩፑ ላይ ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጧቸው።

ማስጠንቀቂያ

- ሰው መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው እንዲይዝ የሚፈቅደው በጠባቡ ነው፤ የያዘም ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። መምታት፣ ማሰር፣ ቤት ውስጥ ማቆየት፣ ስልክ መፈተሽ አይቻልም። ይህን ሮንድ ለሚወጡ ሰዎች በግልጽ ንገሯቸው፤ አንድ ሌሊት የሚፈጸም ድብደባ ኮሚቴውን ተከሳሽ ያደርጋል።
- ልጆችን እንደ አዋቂ አትዩ። በወንጀል ሕጉ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥም ወላጅና ማኅበራዊ ጉዳይ ይጠሩ። የልጅ ፎቶ በምንም ምክንያት አይለጠፍ።
- ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አትሰብስቡ። ለዘበኛም ይሁን ለአምፖል። በእድሩ ሒሳብ በኩል ይግባ፣ በደረሰኝ ይውጣ።
- የፓርቲ፣ የብሔርና የሃይማኖት ወሬ ስብሰባው ላይ አይነሳ። ካርታው ላይ የተጻፈው ቦታና ሰዓት ነው፤ «የእነ እገሌ ልጆች» የሚል ሲመጣ ሰብሳቢው ወደ ካርታው ይመልስ።
- በምሽቱ ዙር ላይ ንጥቂያ ቢያጋጥማችሁ አትከተሉ። አቅጣጫውን አይታችሁ ደውሉ።

7. የወጣቶቹን ሥራ አደገኛው ሰዓት ላይ አድርጉት

ንጥቂያው ከምሽቱ 1:30 እስከ 3:00 ከሆነ ጠዋት የሚደረግ የኳስ ውድድር መልካም ነው እንጂ መልስ አይደለም። የወጣት ማዕከሉ 11:30 ላይ የሚዘጋ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ አዲስ ዕቃ ሳይሆን የሰዓት ለውጥ ይሁን። «ተረኛ ሠራተኛ የለንም» ይባላል። ያኔ አንድ የእድር ሰውና ሁለት ወጣቶች ቁልፍ በፊርማ የሚረከቡበትን መንገድ አቅርቡ። እምቢ የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ኃላፊነት ነው፤ የንብረት ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ከሄዳችሁ ግማሹ ጉዳይ አለቀ።

ትምህርት ቤት ውስጥ የማታ ጥናት ሌላው አማራጭ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ቢያስጠኑ ክፍያ አይጠይቁም፤ ትምህርት ቤቱ ክፍልና መብራት ብቻ ነው የሚሰጠው። ከጥናት የሚወጡት በቡድን ሆነው ይሂዱ። አብሯቸው የሚሄድ አንድ የተመረጠ ወላጅ ይኑር፤ ፓትሮሉም በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ እንዲያልፍ ሰንጠረዡ ላይ አስጽፉ። እዚህ ጋ ነው ሦስት ቢሮ አንድ ነገር ላይ ሲሠራ የምታዩት።

ለሥራ ፈላጊዎቹ ቃል አትግቡ። የምትችሉት የሥራና ክህሎት ባለሙያውን ወደ ሰፈሩ አምጥቶ አንድ ከሰዓት ምዝገባ ማካሄድ ነው። ከዚያ በፊት ግን የነዋሪነት መታወቂያ የሌላቸው ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ከክፍለ ሀገር መጥተው ለዓመታት ሰፈሩ ውስጥ የኖሩ ልጆች በዚህ ምክንያት ከምዝገባው ይቀራሉ፤ የመጡ ዕለት ከመስኮት ከሚመለሱ ጉዳዩ አስቀድሞ ለወረዳው የነዋሪነት አገልግሎት ይቅረብ።

ለወጣት ተወካዮቹ ትንሽም ብትሆን ራሳቸው የሚያዙባት ገንዘብ ስጧቸው፣ የኳስና የኖራ መግዣ ያህል። ደረሰኝ ያምጡ፣ ኮሚቴው ፊት ሒሳብ ያቅርቡ። እየተጠየቁ ከመጠበቅ ኃላፊ መሆን ማለት ይኸው ነው።

8. በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት

ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ተሠራ፣ አልተሠራም፣ ምን ያዘው። ሌላ አጀንዳ የለም። ያልሠራውን ሰው አታሳፍሩ፤ «ማን ጋ ሄደን እንግፋልህ?» በሉት። ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፈቃድ ሳይሆን ከላይ የሚመጣ ደብዳቤ ነው፤ የእናንተ አቤቱታ ደግሞ ያንን ያመጣለታል።

በወር አንድ ጊዜ ለነዋሪው በቡና ጠጡ ላይ ንገሩ። የሆነውንም ያልሆነውንም። ሰንጠረዡን ሱቅ በር ላይ ወይም የብሎክ መግቢያ ላይ ለጥፉት። የተለጠፈ ነገር ላይ ስሙ ያለ ሰው ይፈጥናል።

9. በሦስተኛው ወር እንደገና ዙሩ

በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በተቻለ መጠን በእነዚያው ሰዎች። አሮጌውን ካርታ ይዛችሁ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እዩ። የበራ አምፖል፣ የተዘጋ አጥር፣ ክፍት የሆነ ሱቅ ይቆጠራል። ከማታ ትምህርት የምትመለሰውን ልጅ «አሁንስ የት ጋ ትፈጥኛለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የፖሊስን ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተመዘገበ አቤቱታ ሊጨምር ይችላል። ድሮ «ማን ይሰማኛል» ብሎ ቤቱ ይገባ የነበረ ሰው አሁን እያመለከተ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «ተነጥቀህ አመልክተሃል?» የሚለውን ሰፈር ውስጥ ራሳችሁ ጠይቁ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ከምረቃ መጀመር። ባነር፣ ቲሸርት፣ ካሜራ፣ ከዚያ ዝምታ። ባነሩን ሦስተኛው ወር ላይ አድርጉት፣ ከፈለጋችሁ።

ሁሉን ነገር አንድ ጥሩ ኃላፊ ላይ ማንጠልጠል። ኃላፊ ይዛወራል። ከእሱ ጋር ምክትሉንና ባለሙያውንም እወቁ።

ሴቶቹን ለቡና ማፍላት ብቻ መጥራት። ማታ መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አንድ ችግር ሳይጨርሱ ሁለተኛ መጨመር። በስብሰባ መሃል የቆሻሻና የውሃ ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም። ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ጻፉትና ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ።

ወጣቶቹን ለጥበቃ ብቻ ማሰማራት። ዱላ ይዞ እንዲቆም ብቻ የተጠራ ልጅ ሲሰለቸው ይሄዳል፣ ወይም ዱላውን መውደድ ይጀምራል። ሁለቱም አይጠቅማችሁም።

10. ከሰኔ 30 በፊት ዕቅድ ውስጥ ግቡ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የወጣት ማዕከሉ የማታ ሰዓትም ሆነ የሜዳው መብራት በሚቀጥለው ዓመት እንዲቀጥል የምትፈልጉ ከሆነ የየቢሮው ዕቅድ ውስጥ ቢያንስ አንድ መስመር መሆን አለበት። ጥያቄያችሁን በሚያዝያ፣ ቢዘገይ በግንቦት መጀመሪያ አስገቡ። ሰኔ ላይ የገባ ጥያቄ በሒሳብ መዝጋት ግርግር ይዋጣል። ስታስገቡ የዘጠነኛውን ደረጃ ውጤት አያይዙ፤ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ከአሥር ገጽ ሪፖርት ይበልጥ ያሳምናል።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፣ ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ናቸው። የክረምት በጎ ፈቃድ ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሆነ ወጣት ተወካዮቻችሁ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ያስገቡ። ያለዚያ ችግኝ ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው ይበተናሉ።

በመጨረሻም አንድ ማኅደር አዘጋጁ፦ ሁለቱ ካርታዎች፣ የደብዳቤዎቹ ቅጂ ከነቁጥራቸው፣ የተፈረሙት ሰንጠረዦች፣ የመረጃ ስምምነቱና የተጠሪዎች ስልክ። አንዱ ቅጂ እድር ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው ወጣቶቹ ጋ ይቀመጥ። አዲስ የኮሚዩኒቲ ፖሊስ ወይም አዲስ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በተመደበ ሳምንት ማኅደሩን ይዘው እንኳን ደህና መጡ የሚሉት ወጣት ተወካዮቹ ይሁኑ።